የመዝናኛ መርከብ አወራረድ፤ ፈጣኑ ሁሉ መልካም አይደለም

ስለ መዝናኛ መርከብ ጉዞ፣ ማለትም ብዙዎች «ክሩዝ» ስለሚሉት ነገር የሚጻፈው በአብዛኛው ስለ መሳፈሩ ነው። ስለ ምግቡ ብዛት፣ ስለ መዋኛ ገንዳው፣ ስለ ማታው ትርዒት ብዙ ይወራል። ስለ መውረዱ የሚያነሣ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ ሁለት ጊዜ ተሳፍሬ ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ። ከሁለቱም ጉዞዎች ጎልቶ በአእምሮዬ የቀረው ባሕሩ ሳይሆን የመጨረሻው ቀን ማለዳ ነው።

ወደብ በሌላት አገር ተቀምጦ ስለ መርከብ አወራረድ መጻፍ ምን ይሉታል የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። ነገር ግን ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም አሜሪካ ያለው የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ጥቂት አይመስለኝም። በእኔ ዘመዶችና ወዳጆች ዘንድ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖሩ ልጆች ለጥየቃ የመጡ ወላጆቻቸውን ባልቲሞር ወደብ ወስደው ለአንድ ሳምንት መርከብ ማሳፈራቸው እየተለመደ መጥቷል። የመርከብ ኩባንያዎቹ ዓለም አቀፍ ማኅበር እንዳስታወቀው በ2024 በመላው ዓለም 34.6 ሚሊዮን ሰው በዚህ ዓይነት መርከብ ተጉዟል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ግን እንደ እኛ ነው)። ይህን ያህል ሰው ከተሳፈረ ይህንኑ ያህል ሰው መውረድ አለበት። እንዴት ይወርዳል? የትኛው አወራረድ ይሻላል? ቢበላሽስ ተጠያቂው ማነው? የዛሬው ጽሑፌ የሚያተኩረው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው።

የእትዬ ቁርስ

የመጀመሪያው ጉዞዬ በ2018 ከፍሎሪዳ የተነሣ ነበር። አብራኝ የነበረችው ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ስኳር በሽታ አለባት፤ ኢንሱሊን ትወስዳለች። በመጨረሻው ምሽት «ሻንጣችሁን ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት ከክፍላችሁ በር ውጭ አስቀምጡ» የሚል ወረቀት በየክፍሉ ታደለ። እትዬ ሥርዓት አክባሪ ናት። ሁሉንም አጣጥፋ፣ ቆልፋ፣ ከተባለው ሰዓት ቀደም ብላ በሩ ላይ አቆመችው። ጠዋት ቁርስ ልንበላ ስንቀመጥ የእጅ ቦርሳዋን መፈተሽ ጀመረች።

«ምን ጠፋሽ እትዬ?» አልኳት።

«መርፌዬ!»

«የት አደረግሽው?»

«ሻንጣው ውስጥ ነዋ! ሁሉንም አውጡ አላሉም?»

መርፌዋን ሳትወስድ ቁርስ አትበላም። ወደ እንግዳ መቀበያው ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ አብዛኛው ሰው የተሰለፈው በሒሳቡ ላይ ቅሬታ ኖሮት ነው። ተራዬ ሲደርስ አንድ ወጣት ሠራተኛ ሻንጣዎቹ በሙሉ ከመርከቡ ወርደው ተርሚናል ውስጥ እንደተደረደሩ፣ ማግኘት የምንችለውም ቁጥራችን ተጠርቶ ስንወርድ እንደሆነ በትሕትና ነገረኝ። ቁጥራችን ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። እትዬ ፊት ለፊቷ እንቁላሉ እየቀዘቀዘ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። በኋላ አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ «ኢንሱሊን» የምትለዋን ቃል ሰምቶ ተነሣ፤ ተራ ሳንጠብቅ አስወረደን። ከዚያ በኋላ እንኳን በሺዎች ከሚቆጠሩ ሻንጣዎች መካከል የእርሷን ለማግኘት አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀብን።

መርከቡ በዚያ ማለዳ በሰዓቱ ባዶ ሆኗል። በኩባንያው መለኪያ እንከን የለሽ ሥራ ነበር። በእኛ መለኪያ ግን አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድን አወራረድ መልካም ነው አይደለም ለማለት ሦስት ጥያቄዎችን እጠይቃለሁ። ተጓዡ ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ያውቃል ወይ? ለታመመ፣ ለደከመና ለተለየ ሰው የሚከፈት በር አለ ወይ? ነገሩ ቢበላሽ ኃላፊው ይታወቃል ወይ? ፍጥነት ከሦስቱ ውስጥ የለም።

የመጨረሻው ማለዳ እንዴት ይሠራል?

ትልልቆቹ መርከቦች አንድ ጉዞ ጨርሰው ሌላውን የሚጀምሩት በአንድ ቀን ውስጥ ነው። መርከቡ ከጠዋቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደብ ይደርሳል። የወደቡ ባለሥልጣናት ሰነዱን መርምረው ፈቃድ ከሰጡ በኋላ መውረድ ይጀመራል፤ ብዙውን ጊዜም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ያልቃል። ከዚያ አዲሶቹ መንገደኞች መግባት ይጀምራሉ፤ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ መርከቡ እንደገና ይነሣል። በእነዚህ ጥቂት ሰዓቶች መካከል በሺዎች የሚቆጠሩ አልጋዎች ይነጠፋሉ፣ ቆሻሻ ይራገፋል፣ ምግብና ነዳጅ ይጫናል። አስተናጋጆቹ በመጨረሻው ጠዋት ፈገግ እያሉም የሚያጣድፉት ለዚህ ነው።

በጃንዋሪ 2024 ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞውን ያደረገው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ሲያዝ 5,610 መንገደኞችን፣ ሲሞላ ደግሞ እስከ 7,600 ይይዛል። ሁለት ሁለት ሆነው የተሳፈሩትን ብቻ በሦስት ሰዓት ውስጥ እናውርድ ብንል በየደቂቃው 31 ሰው ድልድዩን መሻገር አለበት። በአንጻሩ በአውሮፓ ወንዞች ላይ ከአምስተርዳም እስከ ባዝል የሚሄዱት ረዣዥም የቫይኪንግ መርከቦች 190 ሰው ቢይዙ ነው። እዚያ ሰልፍ የሚባል ነገር እምብዛም የለም፤ ሻንጣው የሚወርደው መንገደኛው በሚሳፈርበት አውሮፕላን ሰዓት ተለይቶ ነው። የመጀመሪያው ልዩነት እንግዲህ መጠን ነው። ትልቅ መርከብ የመረጠ ሰው ትልቅ ማለዳም መርጧል።

ሻንጣ ማስረከብ ወይስ ይዞ መውረድ?

በአብዛኞቹ ኩባንያዎች ዘንድ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው እትዬ የመረጠችው ነው። ቀለም ወይም ቁጥር ያለበት የሻንጣ መለያ ወረቀት ይሰጣል። ሻንጣው ሌሊት ይሰበሰባል፤ ጠዋት ተርሚናል ውስጥ በቀለምና በቁጥር ተደርድሮ ይጠብቃል። ተጓዡ በአዳራሽ ወይም በምግብ ቤት ተቀምጦ ቁጥሩ እስኪጠራ ይቆያል። ሁለተኛው መንገድ የራስን ሻንጣ በራስ ጎትቶ መውረድ ነው። ይህን የመረጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቀድመው እንዲወርዱ ይፈቀድላቸዋል።

የአውሮፕላን ሰዓት ለደረሰበት፣ ጉልበትም ላለው ሰው ሁለተኛው ይሻላል። ነገር ግን ስድስት መቶ ሰው ስድስት መቶ ሻንጣ ይዞ አሳንሰር ፊት ሲቆም ፈጣን የተባለው መንገድ ከሁሉም የዘገየ ሊሆን ይችላል። ደረጃ መውረድ ለማይችል ሰውማ ጨርሶ አይመከርም። አንደኛው መንገድ ለአረጋውያን ምቹ ነው፤ ጉዳቱ ሌሊቱን ሙሉ ከንብረት መለየት ነው። ሱሪውን ጭምር አሽጎ ከበር ያወጣና ጠዋት በሌሊት ልብስ የቀረ ሰው ታሪክ በየመርከቡ አይጠፋም።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ደግሞ የቅድሚያ ጉዳይ ነው። ውድ ክፍል የያዙና ከኩባንያው ጋር ደጋግመው የተጓዙ ደንበኞች በቅድሚያ ይወርዳሉ። ይህ የንግድ አሠራር ነውና አልቃወመውም። የምጠይቀው በዊልቸር ላይ ያለችው እናት ከእነርሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የምትወርደው የሚለውን ነው። ኩባንያዎቹ ለዊልቸር ተጠቃሚዎች የተለየ መሰብሰቢያ ቦታና የሚገፋ ሰው ያዘጋጃሉ፤ አገልግሎቱ ግን አስቀድሞ ለተመዘገበ ነው። በመጨረሻው ጠዋት የሚጠይቅ ሰው ከሰልፉ ጭራ ይገኛል።

በአንድ ማለዳ ሁሉም ወይስ በየወደቡ ጥቂት ጥቂት?

በአሜሪካና በሜዲትራኒያን መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ከማያሚ ወይም ከባልቲሞር የሚነሣ መርከብ ሁሉንም በአንድ ቀን አሳፍሮ ሁሉንም በአንድ ቀን ያወርዳል። በሜዲትራኒያን ላይ እንደ ኤምኤስሲና ኮስታ ያሉት ኩባንያዎች በብዙ ጉዞዎቻቸው የተለየ ዘዴ ይከተላሉ። አንዱ ቤተሰብ ጄኖዋ ይሳፈራል፣ ሌላው ማርሴይ፣ ሌላው ባርሴሎና። ሁሉም ሳምንቱን ሲጨርስ በተሳፈረበት ይወርዳል። እንደ ከተማ አውቶቡስ ነው፤ በየፌርማታው የሚወርድም የሚሳፈርም አለ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በአንድ ጠዋት የሚወርደው ሰው ይቀንሳል፤ ሰልፉም ያጥራል። ጉዳቱም አለው። ለመርከቡ ይህ ቀን የጉዞው መጨረሻ ስላልሆነ ማስታወቂያው በአምስትና በስድስት ቋንቋ ይለፈፋል፤ ግማሹ ሰው ለሽርሽር፣ ግማሹ ለመሰናበት በአንድ ድልድይ ይወጣል። የሚሰናበተው ሰው መመሪያውን አስቀድሞ ካላነበበ የሚያስታውሰው የለም። ጉዞው በሼንገን አገሮች ወደቦች መካከል ብቻ ከሆነ ግን የፓስፖርት ቁጥጥር ሰልፍ ስለማይኖር መውረዱ ከሆቴል እንደ መውጣት ይቀላል።

ወረቀትና ፊት

አሜሪካ ወደብ ላይ ማለዳውን የሚወስነው ከመርከቡ ሠራተኞች ይልቅ የድንበርና ጉምሩክ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ነው። ማያሚ፣ ፖርት ኤቨርግሌድስና ፖርት ካናቬራልን በመሳሰሉት ትልልቅ ወደቦች ፊትን በካሜራ አንሥቶ ከፓስፖርት ፎቶግራፍ ጋር የሚያመሳስል አሠራር ገብቷል። ሰልፉን እጅግ አሳጥሮታል። የአሜሪካ ዜጋ «ፊቴን አታንሡኝ፣ ፓስፖርቴን እዩ» የማለት መብት አለው፤ ፎቶግራፉም በ12 ሰዓት ውስጥ እንደሚሰረዝ መሥሪያ ቤቱ ይገልጻል። የሌላ አገር ዜጋ ግን ይህ ምርጫ የለውም። በአንዳንድ ጉዞዎችም የውጭ ፓስፖርት የያዙት ተለይተው አዳራሽ ውስጥ እንዲመረመሩ ይጠራሉ። እነርሱ ተመርምረው እስኪያልቁ የቀረው መንገደኛ የሚጠብቅበት ጊዜም አለ። በመጀመሪያው ጉዞዬ እኔ በኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ እትዬ በአሜሪካ ፓስፖርት ስለነበርን ለሁለት ተከፍለን ነበር። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅም እንዲሁ ሊለያዩ ይችላሉና የሚገናኙበትን ቦታ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ከዚህ የከበደው የቪዛ ጉዳይ ነው። በጁላይ 2025 የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጣቸው አብዛኞቹ የጉብኝት ቪዛዎች ለሦስት ወር የሚያገለግሉና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገቡ እንዲሆኑ መወሰኑን አስታውቋል። እንዲህ ዓይነት ቪዛ የያዘ ሰው ከማያሚ ተነሥቶ ባሃማስን ጎብኝቶ ሊመለስ ቢሳፈር በሕግ ዓይን ከአሜሪካ ወጥቷል። ሲመለስ የሚያስገባው ቪዛ ከሌለው የሽርሽሩ መጨረሻ የሕግ ችግር ይሆናል። ስለዚህ ወላጆቻቸውን ለመጋበዝ ያሰቡ ልጆች ትኬቱን ከመቁረጣቸው በፊት ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቪዛ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ ይመልከቱ፤ መርከቡ የሚቆምባቸው ደሴቶች የሚጠይቁትን ቪዛም እንዲሁ።

«ሮም» ሲሉ ሮም ነው ወይ?

ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው የከተማ ስምና መርከቡ የሚያወርድበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። «ሮም» ሲባል ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከሮም ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። «ለንደን» ሲባል ሳውዝሃምፕተን፣ «ፓሪስ» ሲባል ለ አቭር ነው። የጣሊያን መንግሥት ከኦገስት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ትልልቅ መርከቦች በቬኒስ መሐል እንዳያልፉ ስለከለከለ፣ በ«ቬኒስ» ስም ከተሸጡት ጉዞዎች አንዳንዶቹ ራቬና ወይም ትሪየስት ይጀምራሉ፤ እዚያው ያልቃሉ። ባርሴሎና ላይ የሚወርድ ሰው በአንጻሩ ከተማዋ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ድልድዩን በአሥር ደቂቃ ተሻግሮ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሰዓት መቀመጥ የተቀላጠፈ አወራረድ አይባልም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ወደቡ ራሱ ይዘጋል። መጋቢት 26 ቀን 2024 ባልቲሞር ውስጥ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በጭነት መርከብ ተመትቶ ሲወድቅ ወደ ወደቡ የሚያስገባው መንገድ ተዘጋ። ከባልቲሞር ተነሥቶ የነበረው «ካርኒቫል ሌጀንድ» መጋቢት 31 ቀን መንገደኞቹን ቨርጂኒያ ውስጥ በምትገኘው ኖርፎክ አውርዶ በአውቶቡስ ወደ ባልቲሞር መለሳቸው። መኪናቸውን ባልቲሞር ወደብ ላይ ትተው ለሄዱ ሰዎች ጉዞው በሰዓታት ረዝሟል። ሆኖም ለውጡ አስቀድሞ ተነግሯቸው አውቶቡስ ተዘጋጅቶ ጠብቋቸዋል። መዘግየትና መጣል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕግ ተማሪ ሳለን የ1952 ዓ.ም.ን የባሕር ሕጋችንን ያጠናነው አገራችን ወደብ ባጣችበት ሰሞን ስለነበር እርስ በርስ እንቀላለድ ነበር። ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር የመንገደኛ ውል የሚያልቀው መርከቡ ሲቆም ሳይሆን መንገደኛው ሲወርድ መሆኑ ነው።

መንገደኞችን በባሕር ስለማጓጓዝ በ1974 የተፈረመውና በ2002 ማሻሻያ ፕሮቶኮል የተጨመረበት የአቴንስ ስምምነት ይህን በግልጽ ያስቀምጣል። ፕሮቶኮሉ የጸናው በአፕሪል 2014 ነው። በስምምነቱ መሠረት «ማጓጓዝ» የሚባለው ጊዜ መንገደኛው መርከቡ ላይ ያለበትን፣ እየተሳፈረ ያለበትንና እየወረደ ያለበትን ያጠቃልላል። ተርሚናል ውስጥ ወይም ወደቡ ላይ ከቆመ በኋላ ያለውን ጊዜ ግን አያካትትም። እንግዲህ ድልድዩ ላይ ቢወድቅ አጓጓዡን የሚመለከት ሲሆን፣ አሥር እርምጃ አልፎ ተርሚናሉ ወለል ላይ ቢወድቅ ጥያቄው ሌላ ነው። በአካል ጉዳት ክስ ለማቅረብ የተሰጠው የሁለት ዓመት ጊዜም መቆጠር የሚጀምረው ከወረደበት ቀን ነው። በእጁ ይዞት የነበረው ሻንጣ በግልጽ የሚታይ ጉዳት ካለበት ከመውረዱ በፊት ወይም ሲወርድ፣ ያስረከበው ሻንጣ ከሆነ ሲረከብ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሻንጣው ከጠፋ ወይም ጉዳቱ ለዓይን የማይታይ ከሆነ 15 ቀን አለው።

አሜሪካ የዚህ ስምምነት አባል አይደለችም። እዚያ ሕጉ ኩባንያዎቹ ለአካል ጉዳት የክስ ጊዜን እስከ አንድ ዓመት፣ የማሳወቂያ ጊዜን እስከ ስድስት ወር በትኬቱ ላይ እንዲያሳጥሩ ይፈቅዳል። ክሱ የሚቀርብበትን ከተማም ትኬቱ ሊወስን እንደሚችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991 ፈርዷል። በአውሮፓ ኅብረት በ2010 የወጣው የባሕር መንገደኞች መብት ደንብ ለዘገየ መርከብ ከትኬቱ ዋጋ 25 ወይም 50 በመቶ እንዲመለስ ቢያዝም፣ የመዝናኛ መርከብ መንገደኞችን ከዚህ አንቀጽ አውጥቷቸዋል። «መርከቡ ዘግይቶ አውሮፕላን አመለጠኝ» የሚል ሰው በዚህ ደንብ ካሣ አያገኝም።

አንድ የቆየ የአሜሪካ ሕግም አለ። በ1886 የወጣው የመንገደኛ መርከቦች አገልግሎት ሕግ በሌላ አገር ባንዲራ የሚጓዝ መርከብ መንገደኛን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዳያጓጉዝ ይከለክላል። አብዛኞቹ የመዝናኛ መርከቦች ደግሞ የባሃማስ፣ የፓናማ ወይም የሌላ አገር ባንዲራ ያውለበልባሉ። ስለዚህ ማያሚ የተሳፈረ ሰው መርከቡ ኪይ ዌስት ሲቆም «እኔ እዚህ በቃኝ» ብሎ ጉዞውን ቢያቋርጥ ኩባንያው ሊቀጣ ይችላል። ቀድሞ መውረድም ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው።

እጅግ የተቀላጠፈው አወራረድ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መጋቢት 19 ቀን 2020 «ሩቢ ፕሪንሰስ» የተባለው መርከብ ሲድኒ ወደብ ደረሰ። የኒው ሳውዝ ዌልስ የጤና ባለሥልጣናት መርከቡን አነስተኛ ሥጋት ያለበት ብለው መድበውት ነበር። ከታመሙት የተወሰደው ናሙና ውጤት ሳይጠበቅ ከ2,600 በላይ መንገደኞች በዚያ ማለዳ ወርደው ወደየቤታቸውና ወደየአውሮፕላኑ ተበተኑ። የከለከላቸው አልነበረም። በማግሥቱ በአንዳንዶቹ ናሙና ላይ የኮሮና ቫይረስ መገኘቱ ታወቀ። በኋላ ከ600 በላይ መንገደኞች መያዛቸው፣ ከመርከቡ ጋር የተያያዘው ሞትም 28 መድረሱ ተመዘገበ። በኦገስት 2020 የወጣው የልዩ አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት የጤና ባለሥልጣናቱን ስሕተት ከባድ ሲል ፈርጆታል። በኦክቶበር 2023 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት መርከቡን ያሠማሩት ኩባንያዎች ለመንገደኞቻቸው ተገቢውን ጥንቃቄ አላደረጉም ሲል ወሰነ። በዲሴምበር 2023 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በትኬቱ ላይ የተጻፈው «በቡድን አትክሰሱን» የሚለው አንቀጽ ፍትሐዊ አይደለም ብሎ የአሜሪካ መንገደኞችም ክሱ ውስጥ እንዲቆዩ ፈቀደ።

በዚያው ዘመን ተቃራኒውም ታይቷል። ዮኮሃማ ላይ የቆመው «ዳይመንድ ፕሪንሰስ» 3,711 ሰዎችን ይዞ ለሳምንታት ሲታገድ ከ700 በላይ ሰዎች ተይዘዋል። «ዌስተርዳም» የተባለው መርከብ ደግሞ በጃፓን፣ በፊሊፒንስ፣ በታይዋን፣ በጉአምና በታይላንድ ተከልክሎ ሲንከራተት ከረመ፤ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 2020 ካምቦዲያ ሲሃኑክቪል ላይ ተቀበለችው። አንዱ ፈጥኖ አወረደ፣ አንዱ ጨርሶ አላወረደም፣ ሦስተኛው የሚያወርድበት አጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ከሦስቱ እጅግ ፈጣኑ የተከተለው ጸጸት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ሰው ወደ መሬት የሚሸጋገርባት ያቺ ድልድይ የመጨረሻዋ የጥንቃቄ በር ናት። በሯ እንዳይዘጋ መጠንቀቅ አንድ ነገር ነው፤ ጠባቂ እንዳታጣ መጠንቀቅ ሌላ።

ለመንገደኛ የሚበጅ

ከሁለት ጉዞ ልምድና ከሕጉ ተነሥቼ የምመክረው ጥቂት ነው። አንደኛ፣ መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ የባንክ ካርድ፣ የስልክ ቻርጀርና የማግሥቱ ልብስ በር ላይ በሚቆመው ሻንጣ ውስጥ አይግቡ። ሁለተኛ፣ የመልስ አውሮፕላን ከእኩለ ቀን በፊት አይያዝ፤ ወደቡ ከአየር ማረፊያው የሚርቅ ከሆነ ከዚያም ይግፋ። ሦስተኛ፣ ዊልቸር የሚያስፈልገው ሰው ትኬት ሲቆረጥ፣ ቢዘገይ በመጀመሪያው ቀን ይመዝገብ። አራተኛ፣ የሒሳብ ቅሬታ ያለው ሰው ከመጨረሻው ጠዋት በፊት ይጨርስ፤ በዚያ ሰልፍ ላይ ከእርሱ የባሰ ጉዳይ ያለው ሰው ይኖራል። አምስተኛ፣ የተጎዳ ሻንጣ ወይም የተጎዳ እግር ያለው ከተርሚናሉ ሳይወጣ በጽሑፍ ያስመዝግብ፤ ቅጂም ይያዝ።

ሁለተኛው ጉዞዬ በ2023 ከባልቲሞር ወደ ቤርሙዳ ነበር። መርከቡ ከመጀመሪያው አነስ ይላል። እትዬ በዊልቸር ነበረች፤ ከወራት በፊት አስመዝግበናታል። በመጨረሻው ጠዋት የተባለው ሰዓት ላይ የተባለው ሰው መጣ፤ የምንጠብቅበት አዳራሽ፣ የምንወርድበት ድልድይ፣ ሻንጣው የሚገኝበት መስመር ሁሉ እንደተነገረን ሆነ። ከመጀመሪያው ጉዞ ይልቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ዘግይተን ነው የወረድነው። እትዬ ግን ቁርሷን በልታ ነበር። መድኃኒቷ ያለባትን ትንሽ ቦርሳ ከማታ ጀምሮ ከእቅፏ አላወረደችም። ልቀበላት እጄን ብዘረጋ፣ «ተወኝ፣ ይህን እኔ ራሴ ነኝ የማወርደው» አለችኝ።

ቸር ይግጠመን።